ኦቨርታይሙ ሲቀር

ባለቤቴ ከደሴ እየተመላለሰች ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ትሰፋለች፤ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። እኔ በጽሑፍ ልክ የሚከፈለኝ ፍሪላንሰር ነኝ። ሦስት ዕዳ አለብን፦ ቀድመን የወሰድነው ዕቁብ፣ የሱቅ ዱቤና የስልክ ብድር።

ኢኮኖሚክስ ተምሬ የሳትኩት ነገር ይሄ ነው፦ ስንበደር ኦቨርታይሟን እንደ ደመወዝ ቆጠርነው። አዋጅ 1156/2011 ግን ነፍሰ ጡርን ትርፍ ሰዓት ማሠራት ይከለክላል (ደግሞም ልክ ነው)። የ120 ቀን የወሊድ ፈቃዷም የሚታሰበው በደመወዟ ነው። ስለዚህ ገቢያችን የቀነሰው ስትወልድ ሳይሆን ገና ማርገዟን ስታሳውቅ ነው።

ክፍተቱን በስልክ ብድር ልሞላ ሞከርኩ። በየወሩ ከፍሎ መልሶ መበደር! የአገልግሎት ክፍያውን በ12 ሳባዛው ደነገጥኩ። የዕቁቡን ዳኛና ባለሱቁን ሄጄ አነጋገርኳቸው፤ አፍሬ ነበር፣ ግን ጊዜ ሰጡኝ። ለእነሱ ልከፍል በያዝኩት ብር የስልኩን ዘጋሁ። እናንተም ሆድ ሳይገፋ ንገሯቸው።

መውለዱ ራሱ በመንግሥት ጤና ጣቢያ ነፃ ነው። ኪስ የሚያራቁተው የአራሷ ቅቤ፣ ጠያቂውና ድግሱ ነው። ክርስትናው በቀኑ ይፈጸም፣ ድንኳኑ ግን ይቅር ብያለሁ። እናቴ እስካሁን አኩርፋለች።