የደጅ ደረጃና የክረምት ውሃ

ክረምት ሲቃረብ የአዲስ አበባ ሰው ጣራውን ይመረምራል፤ ቦዩንም ይጠርጋል። የደጁን የእንጨት ደረጃ የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ነው። በመርካቶ፥ ከታች ሱቅ ከላይ መኖሪያ ሆነው በተሠሩ አንዳንድ የቆዩ ቤቶች፥ ባልዲ የያዘች እናትም፥ ወደ ትምህርት ቤት የሚሮጥ ሕፃንም፥ ምርኩዝ የያዙ አረጋዊም ሰውነታቸውን አምነው የሚጥሉት በዚሁ ደረጃ ላይ ነው።

እንጨትን የሚያበሰብሰው ዝናቡ ራሱ ሳይሆን፥ ዝናቡ ካባራ በኋላ በውስጡ የሚቀረው ውሃ ነው። በውስጡ ያለው ውሃ ከደረቅ ክብደቱ ከ20 በመቶ በታች የሆነ እንጨት አይበሰብስም። እንግዲህ የአናጢው ብልሃት ውሃው ሳይቆም እንዲያልፍ ማድረግ ነው።

አስቀድሞ እንጨቱ ይመረጥ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ በቀላሉ ይገኛል፤ ነገር ግን ርጥቡን ገዝተው ወዲያው ቢመቱት ይጣመማል፥ ይሰነጠቃልም፤ ስንጥቁም ውሃ ይቋጥራል። ስለዚህ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ይድረቅ። ከፈረሰ ቤት የወጣ የሐበሻ ጥድ ጣውላ ከተገኘ ግን ይመረጣል፤ የጥድ የውስጥ እንጨት መበስበስንና ምስጥን ይቋቋማልና።

ሁለተኛ፥ የደረጃው እግር አፈር አይንካ። ከመሬት 15 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ባለ ድንጋይ ላይ ይቁም። አፈር የነካ እንጨት ከሥር ውሃ ሲጠጣ ይኖራል፤ ለምስጥም መንገድ ይሆናል።

ሦስተኛ፥ እያንዳንዱ መረገጫ ከሁለት ጣውላ ይሠራ፤ በመካከላቸውም አንድ ሳንቲሜትር ያህል ክፍተት ይተው። ወደ ፊትም ግማሽ ሳንቲሜትር ዘንበል ይበል።

አራተኛ፥ ውሃ ፈጥኖ የሚገባው በመጋዝ በተቆረጠው ጫፍ በኩል ስለሆነ፥ ጫፉ ከመገጠሙ በፊት ቀለም በሚገባ ይጠጣ። ርጥብ እንጨት መቀባት ግን ውሃውን በውስጡ መቆለፍ ነው። እንዳያዳልጥ ተብሎ የሚነጠፍ ላስቲክም ከሥሩ ውሃ ስለሚያቁር አይበጅም። የተቃጠለ የመኪና ዘይትም መርዝነት ስላለው፥ ሕፃናት በባዶ እግር በሚረግጡት ላይ አይቀባ።

ከመስቀል በኋላ ሰማዩ ሲጠራ፥ የቤቱ አባወራ ወይም እመቤት እያንዳንዱን መረገጫና የደረጃውን እግር በቢላዋ ጫፍ ይሞክሩ። ቢላዋው ያለ ድካም ከገባ እንጨቱ በስብሷልና ሳይውል ሳያድር ይለወጥ። የአንዲት ጣውላ ዋጋ ከሰው አጥንት ስብራት ጋር አይመዛዘንም።