እንዶድና የአንጀት ቢልሃርዝያ

ምድር በመስኖ ስትለማ የሕዝቡ ሀብት እንደሚበዛ የታወቀ ነው። ነገር ግን ውሃ ረግቶ በሚተኛበት ቦይ ቀንድ አውጣ ይራባል፤ ቀንድ አውጣም በተራባበት ስፍራ የአንጀት ቢልሃርዝያ ሊከተል ይችላል። ስለዚህ ጉዳዩ የሐኪም ብቻ ሳይሆን የእርሻም ስለ ሆነ በዚህ ገጽ ልንናገርበት ይገባል።

ከበሽተኛው ዐይነ ምድር ጋራ የወጣው የትሉ ዕንቁላል ውሃ ሲያገኝ ይፈለፈላል፤ እጩም በቀንድ አውጣው ገላ ውስጥ ለጥቂት ሳምንታት ከተባዛ በኋላ ወደ ውሃው ተመልሶ፥ በዚያ የቆመውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ያደገው ትል በአንጀት ደም ሥሮች ይቀመጣል። ከዕንቁላሉ ከፊሉ የአንጀትን ግድግዳ እያቆሰለ ሲወጣ፥ ከፊሉ በጉበት ተከማችቶ ሠራተኛውን ሰው ያደክማል።

ይህን በሽታ በማጥናት የታወቁት ኢትዮጵያዊ ሊቅ ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። እርሳቸው በ1964 እ.ኤ.አ. በዐድዋ ወንዝ ሲመረምሩ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ፤ ምክንያቱንም በላቦራቶሪ ፈትነው አረጋገጡ። በ1966 የፓቶባዮሎጂን ተቋም አቋቋሙ። ከ1969 እስከ 1974 በዐድዋ በተደረገው ሙከራ፥ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉት ልጆች ዘንድ በሽታው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋራም በ1989 የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ተቀበሉ፤ በ1997 ዐረፉ።

ሽልማቱ ደስ የሚያሰኝ ቢሆንም፥ እንዶድ ከቦዮቻችን ዳር በሥራ ላይ እንዲውል አላደረገም። ዕፁ ለሰው የሚያሰጋ አለመሆኑ በዓለም የታወቀ ደረጃ ባለው ላቦራቶሪ ካልተፈተነ በሰፊው አይሠራበትም ስለ ተባለ ብዙ ዓመታት አለፉ። ከዚህ የምንማረው፥ ሊቅ ማፍራት ብቻ እንደማይበቃ፥ የሊቁን ቃል የሚያስከብር ላቦራቶሪም እንደሚያስፈልግ ነው።

አንዳንዶች፥ «መድኃኒቱ ለተማሪዎች ይታደል የለምን?» ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ፕራዚኳንቴል ትሉን ይገድላል። ነገር ግን የዳነው ልጅ ነገ እዚያው ውሃ ውስጥ ቢገባ እንደ ገና ይያዛል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ቦይ የሚያስቆፍር ባለሥልጣን ከቦዩ ወጪ ጋራ የቀንድ አውጣውን ቁጥጥርና የመጸዳጃ ቤቱን ወጪ አብሮ ሊያስብ ይገባል። ገበሬውም በሜዳ መጸዳዳትን ይተው፤ እንዶድ ዓሣንም ስለሚገድል፥ ያለ ባለሙያ ምክር በወንዝ አያፍስሰው። የከተማውም ሰው ቢሆን፥ የሚበላው እህልና አትክልት በዚያው ውሃ ከቆመ ሰው እጅ የመጣ መሆኑን አይዘንጋ። መስኖው እህል እንዲሰጠን እንጂ ጤናችንን እንዲወስድ አልተቆፈረምና።