ለኳሱ ከለላ፣ ለካዲው ዶፍ

በምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች ጎልፍ በሚጫወቱ ሰዎች ዘንድ የተለመደ ፉከራ አለ፤ እውነተኛ ተጫዋች ዝናብ አያስቆመውም የሚል። ፉከራው የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ ጨዋታው ካለቀ በኋላ፣ እርጥቡ ልብስ በደረቅ ተለውጦ ትኩስ ነገር ሲቀርብ ነው። በዶፍ ውስጥ 18ቱን ጉድጓድ ያዳረሰው ሰው ስለ ጽናቱ ይተርካል፤ ወዳጆቹም ያደንቁለታል። ያንኑ ሜዳ አብሮት የዞረ፣ ያንኑ ዝናብ የጠገበ፣ በዚያ ላይ ዱላ የታጨቀበትን ከረጢት በትከሻው የተሸከመ ሌላ ሰው ግን በዚያው ሰዓት ሸሚዙን ጨምቆ ወደ ሰፈሩ የሚወስደውን ማታቱ እየጠበቀ ነው። ካዲ ይሉታል። ስለ እርሱ ጽናት የሚተርክ እምብዛም አይገኝም።

በናይሮቢና በካምፓላ ኑሯቸውን ከመሠረቱት የአማርኛ ተናጋሪዎች መካከልም ይህን ጨዋታ የለመዱ አልጠፉም። ስለዚህ ጉዳዩ የፈረንጅ ወይም የጎረቤት ጉዳይ ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

የጎልፍ ሕግ ስለ ውኃ ብዙ ያስባል። እ.ኤ.አ. በ1744 በኤድንብራ አጠገብ በሊዝ የተጻፉት የመጀመሪያዎቹ 13 ደንቦች እንኳ ኳስ ውኃ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚደረግ ሳይናገሩ አላለፉም። በዚያን ጊዜ ኳሱን ከውኃ ማውጣት አንድ ምት ያስከፍል ነበር። ዛሬ የሚሠራበት ሕግ ደግሞ ከዚያ እጅግ የራራ ነው። ዝናብ ጥሎ በሜዳው ላይ ለጊዜው የተኛ ውኃ «ጊዜያዊ ውኃ» ይባላል። ኳስ በዚህ ውኃ ውስጥ ቢያርፍ ተጫዋቹ ያለ አንዳች ቅጣት አንሥቶ ደረቅ ስፍራ ላይ ይጥለዋል። ኳሱ ደርቆ የተጫዋቹ እግር ብቻ በውኃው ውስጥ ቢቆምም እንዲሁ ነው። ሕጉ ከዚህም ወርዶ ጠልና ውርጭ ጊዜያዊ ውኃ አለመሆናቸውን፣ መሬቱ ረጥቦ ወይም ለስልሶ መገኘቱ ብቻውን እንደማይበቃ፣ ውኃው በተለመደው አቋቋም ለዓይን መታየት እንዳለበት ይዘረዝራል። በለሰለሰ መሬት ላይ ወርዶ በራሱ ጉድጓድ የተቀበረ ኳስም የራሱ አንቀጽ አለው።

ወደ ካዲው ሲመጣ ይኸው ሕግ ዝናብን የሚያነሣው ለመከልከል ነው። ተጫዋቹ ኳሱን በሚመታበት ቅጽበት ካዲው ከዝናብ ሊከልለው ሆን ብሎ ጃንጥላ ይዞ በላዩ መቆም አይችልም፤ ቅጣት ያስከትላል። ተጫዋቹ ግን የራሱን ጃንጥላ በአንድ እጁ ይዞ በሌላው እጁ ኳሱን ቢገፋ ማንም አይቃወመውም። ክልከላው የውድድርን ሚዛን ለመጠበቅ የወጣ ነውና በራሱ ነውር የለበትም። የሚገርመው ሌላ ነው፤ ተጫዋቹን ማን ከዝናብ ይከልለው፣ ማንስ አይከልለው ብሎ እስከ ቅጽበቱ ድረስ የተጨነቀ ሕግ፣ ካዲውን ማን ይከልለው የሚለው ጥያቄ አልታየውም። በኡጋንዳ፣ ናይል ከቪክቶሪያ ሐይቅ በሚወጣባት በጂንጃ፣ ኳስ በጉማሬ ዱካ ውስጥ ቢወድቅ ያለ ቅጣት እንዲነሣ የሚፈቅደው የሜዳ ደንብ በዓለም ጎልፈኞች ዘንድ እንደ ጨዋታ ይነገራል። ጨዋታነቱ ደስ ይላል። ሆኖም ለጉማሬ ኮቴ ያልጠፋ ጥንቃቄ ለሰው ትከሻ ሲጠፋ ፈገግታው ይደበዝዛል።

ይህ ዝምታ ታሪክ አለው። ሮያል ናይሮቢ እ.ኤ.አ. በ1906፣ የካምፓላው የኡጋንዳ ጎልፍ ክለብ በ1908፣ ሙታይጋ ደግሞ ጥቂት ዓመታት ዘግይቶ ሲመሠረቱ ሜዳዎቹ የቅኝ ገዥዎች መዝናኛ ነበሩ፤ አፍሪካዊው ወደዚያ የሚገባው ሣር አጫጅ ወይም ዱላ ተሸካሚ ሆኖ ነው። ነፃነት ከመጣ በኋላ የተጫዋቹ ቀለም ተለወጠ፤ የተሸካሚው ቦታ ግን ብዙም አልተነቃነቀም። ሮያል ናይሮቢ ዛሬም ከኪቤራ ጋር አጥር ይጋራል። ከአየር የተነሡት ፎቶግራፎች አንድ ወገን አረንጓዴ፣ ሌላው ወገን የዛገ ቆርቆሮ ሆኖ ያሳያሉ። አንድ ደመና በሁለቱም ላይ ያዘንባል።

ጎልፍ የስኮትላንድ ጨዋታ ነው፣ ዝናብም የጨዋታው ቅመም ነው የሚሉ ተከራካሪዎች አሉ። ክርክሩ ስኮትላንድንም ምሥራቅ አፍሪካንም ካለማወቅ የመጣ ነው። ኤድንብራ በዓመት የምታገኘው ዝናብ ወደ 700 ሚሊሜትር ግድም ቢሆን ነው፤ እርሱም ዓመቱን ሙሉ በካፊያ ተከፋፍሎ ይወርዳል። በናይሮቢ ምዕራባዊ ከፍታዎች ግን መጠኑ ወደ 1,000 ሚሊሜትር ይጠጋል፤ አብዛኛውም የሚወርደው ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ሁለት ወቅቶች ተጠቃሎ ነው። የስኮትላንድ የባሕር ዳር ሜዳዎች የተዘረጉት በአሸዋማ መሬት ላይ ስለሆነ ውኃው ወዲያው ይሰርጋል። የናይሮቢ ሜዳማ ክፍል ግን አገሬው መረሬ የሚለው ዓይነት ጥቁር አፈር ነው፤ ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፣ ጫማ ይነክሳል፣ በአንድ እርምጃ ላይ የሌላ እርምጃ ክብደት ይጨምራል። ካዲው ይህን መሬት ከረጢት ተሸክሞ ስድስት ሰባት ኪሎሜትር ይረግጠዋል። ከረጢቱም በበኩሉ ውኃ ይጠጣል።

ከሁሉ የሚብሰው ግን መብረቁ ነው። የኤድንብራ ካፊያ ነጎድጓድ ይዞ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው፤ የቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ ግን በዓለም ላይ መብረቅ ከሚበዛባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ከኬሪቾና ከኪሲ ከፍታዎች እስከ ካምፓላ ድረስ ከቀትር በኋላ የሚጠቁር ሰማይ ዝናብ ብቻ ይዞ አይመጣም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2011 በኡጋንዳ ኪርያንዶንጎ አንድ ትምህርት ቤት ላይ የወረደ መብረቅ 18 ተማሪዎችን ገደለ። በኅዳር 2024 በሰሜን ኡጋንዳ በፓላቤክ የስደተኞች ሰፈር 14 ሰዎች እንዲሁ በአንድ ብልጭታ አለቁ። እነዚህ የጎልፍ ሜዳዎች አይደሉም፤ ሰማዩ ግን የጎልፍ ሜዳዎቹን የሚሸፍነው ያው ሰማይ ነው።

ጎልፍ ራሱም ስለ መብረቅ ትምህርቱን የተማረው በደም ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 በቺካጎ አቅራቢያ በተካሄደ ውድድር ሊ ትሬቪኖ ከጄሪ ኸርድና ከቦቢ ኒኮልስ ጋር በመብረቅ ተመታ። ተረፈ፤ ጀርባው ግን ተጎድቶ ቀዶ ሕክምና አስፈለገው። በኋላ በመብረቅ ጊዜ መድኅኑ «አንድ ቁጥር» የተባለውን የብረት ዱላ ወደ ሰማይ ማንሣት ነው፣ በእርሱ መምታት ለፈጣሪም ይቸግራል እያለ ይቀልድ ነበር፤ ዱላው ለተጫዋቾች ሁሉ አስቸጋሪ በመሆኑ የታወቀ ነውና። ቀልዱ ዓለምን ዞረ። እ.ኤ.አ. በ1991 ግን በአሜሪካ ሁለት ታላላቅ ውድድሮች ላይ፣ በሰኔ በሄዘልቲን፣ በነሐሴ በክሩክድ ስቲክ፣ መብረቅ አንድ አንድ ሰው ሲገድል የሞቱት ተጫዋቾች አልነበሩም። ለማየት የመጡ ሰዎች ነበሩ። በሄዘልቲን አደጋው የደረሰው ከዛፍ ሥር በተጠለሉት ላይ ነው። በመብረቅ የሚቀልደው የተረፈው ሰው መሆኑን ልብ ይሏል።

ከዚያ ወዲህ በታላላቆቹ ውድድሮች የአየር ጠባይ ባለሙያ ይመደባል፤ አደጋ ሲቃረብ አንድ ረጅም ጡሩምባ ይነፋል፤ ሁሉም ወዲያው ያቆማል። ሕጉም ጡሩምባ ባይነፋ እንኳ የመብረቅ አደጋ አለ ብሎ በምክንያት ያመነ ተጫዋች በገዛ ፈቃዱ እንዲያቆምና ለኮሚቴው እንዲያሳውቅ መብት ሰጥቶታል። ዝናብ ብቻውን ግን በቂ ምክንያት አይደለም፤ በውድድር ላይ ዝናብ ጠልቶ ሜዳ የለቀቀ ተጫዋች ይሰረዛል። እንግዲህ ልዩነቱን ማስተዋል ነው። መብቱ የተሰጠው ለተጫዋቹ ነው። በጡሩምባውና በባለሙያው በማይደገፈው በተራው የቅዳሜ ጨዋታ፣ ነጎድጓዱን ከተጫዋቹ በፊት የሰማው ካዲ ከረጢቱን አውርዶ እሄዳለሁ ቢል የሚጠብቀው ምንድን ነው? በሚቀጥለው ሳምንት የሚሸከመው ከረጢት ስለማግኘቱ ማን ዋስ ይሆነዋል? አደጋውን የሚመዝነው አንደኛው፣ በአደጋው ውስጥ የሚቆሙት ሁለት ናቸው።

ልኬቱ ደግሞ የተማረ ሰው አይጠይቅም። ድምፅ አንድ ኪሎሜትር ለመጓዝ ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ብልጭ ካለበት እስከ ነጎደበት 30 ሰከንድ ካልሞላ መብረቁ በ10 ኪሎሜትር ውስጥ ነው፤ መግባት ነው። ለመውጣትም ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው። ብረት መብረቅን ከሩቅ አይጠራም፤ በገላጣ ሜዳ ላይ ከፍ ብሎ መታየት ግን ይጠራዋል። ከተቆረጠው ሣር መካከል የባንዲራውን ዘንግ ይዞ የሚቆመው ደግሞ ማን እንደሆነ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2019 የተሻሻለው ሕግ ባንዲራው በጉድጓዱ ውስጥ እንደተተከለ ኳስ ወደ ጉድጓዱ እንዲገፋ ስለፈቀደ፣ ካዲውን በዶፍ ውስጥ ዘንግ አስይዞ ማቆም ዛሬ ከልማድ በስተቀር ሌላ ምክንያት የለውም። በየሜዳው ጣል ጣል የተደረጉት ግድግዳ የሌላቸው መጠለያዎችም ዝናብ ይከለክሉ ይሆናል እንጂ መብረቅ አይከለክሉም።

በአገር ቤት ክረምት መንገደኛ ዝናብ ቢይዘው የማያውቀውን ሰው ደጅ አንኳኩቶ፣ ወይም ሳያንኳኳም ከበረንዳው ሥር ገብቶ ይጠለላል። ነውር የለበትም። ነውሩ «አስጠልሉኝ» ያለን ሰው በሚመልስ ላይ ነው። ይህን ሥርዓት ጠጥቶ ያደገ ሰው፣ ናይሮቢ ገብቶ የክለብ አባል ከሆነ በኋላ፣ ካዲው ከውጭ ቆሞ እርሱ ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ምንም የማይሰማው ከሆነ፣ ከአገሩ ይዞት የወጣው ነገር ከሚያስበው ያነሰ ነው። በብዙ ክለቦች ካዲዎች ወደ ዋናው ቤት አይገቡም፤ የተለየ መቆያ አላቸው፤ የመቆያው ጣሪያና ወለል ምን እንደሚመስል የሚያውቁት አባላት ጥቂቶች ናቸው። የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም የሚባለው ለደረቀና ለረጠበም ይሠራል።

አሁን የቀረው ክርክር ጠንካራው ነው። ካዲው ራሱ መጫወቱ እንዳይቋረጥ ይፈልጋል ይላል፤ የሚከፈለው በዙር ነውና፣ ጨዋታ ከቀረ እንጀራው ይቀራል። እውነት ነው። በዝናብ ወቅት ከክለብ በር ላይ ሲጠብቁ ውለው ባዶ እጃቸውን የሚመለሱ ካዲዎች ጥቂት አይደሉም፤ ስለዚህም በዶፍ ውስጥ ይሂድ ወይስ አይሂድ ተብሎ ቢጠየቅ እሄዳለሁ ይላል። ይህ መልስ ግን የሚያረጋግጠው የካዲውን ፈቃድ ሳይሆን የአከፋፈሉን ጉድለት ነው። ተጫዋቹ ዘጠነኛው ጉድጓድ ላይ አቁሞ ቢገባ የሚያጣው ውጤት የተጻፈበትን ወረቀት ነው፤ ካዲው የሚያጣው የቀን ገቢውን ነው። እንዲህ ባለ ሚዛን ላይ የቆሙ ሁለት ሰዎች «ተስማምተን ቀጠልን» ሲሉ ቃሉ ለሁለቱም እኩል ትርጉም የለውም።

መፍትሔው የከበደ አይደለም። የተጀመረ ዙር በሰማይ ምክንያት ሲቋረጥ የካዲው ክፍያ ሙሉ ይሁን፤ የዝናብ ልብስ ክለቡ ይስጠው፤ ነጎድጓድ የሰማ ካዲ እንቁም ሲል ቃሉ እንደ ተጫዋቹ ቃል ይቆጠር። ለአንድ ክለብ ይህ ሁሉ ተደምሮ ለሣር ማዳበሪያ ከሚወጣው ጋር የሚወዳደር ወጪ አይደለም፤ የሚያስፈልገውም የኮሚቴ አንድ ስብሰባ ነው። ክለቦች የሜዳቸውን ደንብ በውጤት ካርዱ ጀርባ ያትማሉ፤ የትኛው ቦይ እንደ ውኃ እንደሚቆጠር፣ የትኛው አጥር ወሰን እንደሆነ፣ ጂንጃ ላይ ደግሞ ስለ ጉማሬው ዱካ። የመጋቢት ዝናብ ሳይገባ አዲስ ካርድ ሲታተም በዚያ ጀርባ ላይ ስለ ካዲው ሁለት መስመር ማስገቢያ ቦታ አይጠፋም።