አራት የወርቅ መስመር እንቅልፍ አይተካም

ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ከካርቱም የተነሳ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 አዲስ አበባ ሲደርስ መውረድ ነበረበት። አልወረደም። የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ደጋግመው ጠሩ፣ መልስ የለም። በ37,000 ጫማ ከፍታ ላይ እንዳለ የቦሌን ማኮብኮቢያ አልፎ ሄደ። እንደተዘገበው ሁለቱን አብራሪዎች የቀሰቀሳቸው አውቶፓይለቱ ሲቋረጥ የጮኸው ደወል ነው። ከ25 ደቂቃ ገደማ በኋላ በሰላም አረፉ። ምርመራው እስኪያልቅም ከበረራ ታገዱ።

ከዚያማ ቀልዱ ዘነበ። ስድቡም። ሰዎቹ ለመጨረሻ ጊዜ በቅጡ የተኙት መቼ ነው ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። በአንድ ኮክፒት ውስጥ ሁለት የሠለጠኑ ሰዎችን እኩል እንቅልፍ ከጣላቸው፣ ነገሩን የግለሰብ ስንፍና ማለት ያስቸግራል።

እዚህ አገር ልጅ «ስታድግ ምን ትሆናለህ?» ሲባል ዶክተር ካላለ ፓይለት ይላል። ሙሽራው ፓይለት ከሆነ የሙሽሪት አክስቶች እልልታ ከወትሮው ይረዝማል። ክብሩ መሠረት የለውም አይባልም። ኅዳር 1989 ዓ.ም. ጠላፊዎች አናቱ ላይ ቆመው፣ ነዳጅ አልቆበት፣ አውሮፕላኑን ኮሞሮስ ዳርቻ ባሕር ላይ ያሳረፈው ካፒቴን ልዑል አባተ ነው። ከ175 ሰው 50 ተረፈ። ችግሩ ክብሩ ለሥራው ሳይሆን ለዩኒፎርሙ መሰጠቱ ነው። ዩኒፎርም ደግሞ አይደክመውም።

«በዓመት ቢበዛ 1,000 ሰዓት ነው የሚበሩት፣ የቢሮ ሠራተኛ እጥፉን ይሠራል» የሚል ክርክር አለ። በአሜሪካም በአውሮፓም የበረራ ጣሪያው እዚያው አካባቢ ነው፣ እውነት ነው። ግን የበረራ ሰዓት መቆጠር የሚጀምረው አውሮፕላኑ ሲንቀሳቀስ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት መነሳቱ፣ የበረራ ዝግጅቱ፣ ዘግይቶ የሚመጣ አውሮፕላን መጠበቁ፣ ሰውነት ቀን ነው እያለ መጋረጃ ዘግቶ ሆቴል ውስጥ መገላበጡ እዚያ ውስጥ የለም። በላዩ ላይ በዓመት ሁለት ጊዜ ፈተና፣ በየጊዜው የጤና ምርመራ። ጠበቃ አንዴ ፈቃድ ካገኘ የልብ ምቱ ስለተዛባ ችሎት አይከለከልም። አብራሪ ግን በአንድ የሐኪም ወረቀት እንጀራው ሊቆረጥ ይችላል።

ስለዚህ ይደብቃል። መጋቢት 2007 ዓ.ም. የጀርመንዊንግስ ረዳት አብራሪ ካፒቴኑን ውጭ ቆልፎበት 150 ሰው ይዞ ከፈረንሳይ ተራሮች ጋር ተላተመ። ሕመሙን ለአሠሪው አልተናገረም ነበር። የፈረንሳይ መርማሪዎች እንዲህ ያለውን ዝምታ ከሚያመጡት ምክንያቶች መካከል የመብረር ፈቃድንና ገቢን የማጣት ፍርሃትን ጠቅሰዋል።

«አሁን እኮ የሚያበረው ማሽኑ ነው» ለሚሉ ደግሞ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. አለ። ቢሾፍቱ አጠገብ የወደቀውን በረራ 302 አፍንጫውን ወደ ታች የደፈቀው ያው ማሽን ነው፣ የአንድ ዳሳሽ የተሳሳተ መረጃ አምኖ። ከ8,000 ሰዓት በላይ የበረረው የ29 ዓመቱ ካፒቴንና ረዳቱ ስድስት ደቂቃ ታገሉት። 157 ሰው አለቀ። አንድ የአሜሪካ ምክር ቤት አባል በአሜሪካ የሠለጠነ አብራሪ ቢሆን ይወጣው ነበር አለ። የዚያው ምክር ቤት ኮሚቴ በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ግን ጥፋቱን ያገኘው ቦይንግና የአሜሪካ አቪዬሽን ተቆጣጣሪ ጋ ነው። ያኔ «ጥፋቱን ለሞተ አብራሪ ስጡት» የሚለው ፈረንጅ ሁሉንም አናደደ፣ ደግ አደረገ። ከሦስት ዓመት ከጥቂት ወራት በኋላ ከካርቱም የመጡት ላይ የተፈረደው በዚያው ሚዛን ነበር።

አብራሪን አከብራለሁ የሚል ተሳፋሪ በሻንጣውና በመነጽሩ መደነቁን ትቶ ሌላ ነገር ይጠይቅ። የሥራ ፕሮግራሙን የሚያወጣው ማነው? የዕረፍት ሰዓቱን ከአሠሪው ውጭ የሚቆጣጠር አለ? «ዛሬ ደክሞኛል፣ አልበርም» ብሎ የደወለ ካፒቴን በማግስቱ ምን ይጠብቀዋል፣ ተተኪ ወይስ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ?