«መንግሥት ያውቃል» እስከ መቼ?

በወጣቶች ኅብረት የጸሎት ርእስ ሲሰበሰብ ሥራ ሳይነሣ የሚቀርበት ቀን የለም። አያስደንቅም። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሁለትና ሦስት ዓመት ቤት የተቀመጠ ወንድም፣ «0 ዓመት የሥራ ልምድ» የሚል ማስታወቂያ ፍለጋ ከሰሌዳ ሰሌዳ የምትዞር እኅት በየኅብረቱ አሉ። ስለ እነርሱ መጸለይ ይገባናል። ችግሩ ያለው ከ«አሜን» በኋላ በሚመጣው ንግግር ላይ ነው፦ «ያስተማረን መንግሥት ነው፤ ካልቀጠረን እሱ ያውቃል።» ይህንኑ በመንፈሳዊ ቋንቋ የሚደግመውም አለ፦ «ጌታ ያውቃል፤ በር ይከፍታል።» ጌታ በእውነት ያውቃል፤ በርም ይከፍታል። ነገር ግን ሁለቱም አባባሎች እጅ አጣጥፎ ለመቀመጥ ምክንያት ሲሆኑ አንድ ናቸው። እንዲያውም የሁለተኛው ይከፋል፤ የእግዚአብሔርን ስም ለስንፍና ዋስ አድርጎ ይጠራልና።

ቃሉ ምን ይላል? በገላትያ ምዕራፍ 6 ቁጥር 2 ላይ ጳውሎስ አንዱ የሌላውን ሸክም እንዲሸከም ያዛል። ሦስት ቁጥር ወረድ ብሎ ደግሞ እያንዳንዱ የራሱን ሸክም እንደሚሸከም ይናገራል። በአማርኛችን ሁለቱም «ሸክም» ስለሆኑ የተጋጩ ይመስላሉ። በግሪኩ ግን ቃላቱ ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው «ባሮስ» ነው፤ ሰውን የሚያጎብጥ ክብደት ማለት ነው። ሁለተኛው «ፎርቲዮን» ነው፤ መንገደኛ ወይም ወታደር ለራሱ የሚይዘው ጓዝ ነው። የሚያጎብጠውን አብረን እንድንይዝ፣ ስንቃችንን ግን በሌላ ትከሻ ላይ እንዳንጭን ታዘናል። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ሲሉ የተናገሩት ስለ መጀመሪያው ነው። አንዷን ሎሚውን የሚሸከምለት ሰው የሚፈልግ ግን ተረቱን አልሰማም።

በሁለቱ ሸክሞች መካከል ያለውን ልዩነት ለማየት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። ከቆሰበር ወደ ዳንግላ ስንጓዝ አዲስ ቅዳም አካባቢ የሚታየውን የዲከረንስ ተክል የማያውቅ የለም። የፋግታ ለኮማ ገበሬ መሬቱ በአሲድ ተጎድቶ ምርቱ ሲቀንስበት «ኖራ ይምጣልኝ» ብሎ ብቻ አልተቀመጠም። ዛፉ ትውልዱ አውስትራሊያ ነው፤ በእኛ ቀዬ ያስፋፋው ግን ገበሬው ነው። ችግኙን ራሱ አፍልቶ በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ይተክለዋል። በሚቀጥለው ጊዜ በዛፎቹ መካከል የበቀለውን ሣር ለከብቱ ያጭዳል። አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ቆርጦ ያከስለዋል፤ ከሰሉም በነጋዴ እጅ አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል። ከዚያ መሬቱን መልሶ ጤፍ ይዘራዋል። በዚህ መካከል መሬት የሌለው ወጣት በችግኝ ማፍላት፣ በቆረጣ፣ በማክሰልና በመጫን እንጀራ አገኘ። ለዚህ ሁሉ ማንም የቅጥር ደብዳቤ አልጻፈለትም።

የታሪኩ ሌላ ገጽም አለ። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ዋግ መሰል የፈንገስ በሽታ ወርዶ ዲከረንሱን ያደርቀው ጀመር። ገበሬው የቱንም ያህል ትጉህ ቢሆን ፈንገስን በዓይኑ ለይቶ መድኃኒት ሊያገኝለት አይችልም። ላቦራቶሪ ይፈልጋል፣ ተመራማሪ ይፈልጋል፣ የግብርና ቢሮ ይፈልጋል። ይህ «ባሮስ» ነው። እዚህ ላይ ገበሬውን «ራስህን ቻል» ማለት ግብሩን ተቀብሎ ጀርባ መስጠት ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ይህ ገበሬ ወደ ቢሮ ሲሄድ ባዶ እጁን አይሄድም። የደከመበትን ማሳ እያሳየ ይጠይቃል። የራሱን ሸክም የተሸከመ ሰው የመንግሥትን ድርሻ ሲጠይቅ ድምፁ ይሰማል።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ሌላውንም ስሕተት ይቃወማል። «ድሃ የሆነው ሰነፍ ስለሆነ ነው» ብለው ከመድረክ የሚሰብኩ አሉ። ጳውሎስ በ2ኛ ተሰሎንቄ 3፥10 ላይ የተናገረው መሥራት ስለማይፈልግ ሰው ነው፤ ሥራ ፈልጎ ስላጣ ሰው አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልላችን ባለው ግጭት መንገድ የተዘጋበትን ነጋዴ፣ ትምህርት የተቋረጠባትን ተማሪ «ሰነፍ» ማለት በደል ነው። ሰላምና ፍትሕ አንድ ወጣት በጉልበቱ የሚያመጣቸው አይደሉም። ሮሜ 13 ባለሥልጣንን ለመልካም ነገር የእግዚአብሔር አገልጋይ ይለዋል። አገልጋይ ደግሞ የተሰጠውን ሥራ ይጠየቃል። መንግሥትን ድርሻውን መጠየቅ ዐመፅ አይደለም፤ የዜጋ ግዴታ ነው።

ታዲያ ሁሉን ለመንግሥት ብንተውስ? ዘፍጥረት 41ን የሚያነብ ሰው ዮሴፍ በጥጋቡ ዘመን ከእህሉ አምስተኛውን በማከማቸቱ ብዙ ሕዝብ ከረሃብ እንደዳነ ያያል። አስቀድሞ የሚያስብ መንግሥት በረከት ነው። ምዕራፍ 47ን ሲቀጥል ግን ያው ሕዝብ ገንዘቡን፣ ከዚያ ከብቱን፣ ከዚያ መሬቱን ለፈርዖን ሰጥቶ በመጨረሻ ራሱም አገልጋይ ሲሆን ያገኘዋል። ጎተራው ሁሉ በአንድ ሰው እጅ ሲሆን እንጀራ የሰጠው እጅ ሌላም ነገር ይጠይቃል። እንጀራውን ሁሉ ከአንድ ቢሮ የሚጠብቅ ወጣት ያ ቢሮ ሲያጠፋ «አጠፋህ» ለማለት አንደበት ያጣል።

ለዚህ ነው ነህምያ ሊመራን የሚችለው። ከንጉሡ ደብዳቤ ለምኗል፣ ከንጉሡ ደን እንጨት ተቀብሏል (ነህምያ 2)። በመንግሥት እርዳታ አላፈረም። ቅጥሩን የሠራው ግን ሕዝቡ ነው። ምዕራፍ 3ን በጥንቃቄ ስናነብ ብዙዎቹ በየቤታቸው ፊት ለፊት ያለውን እንደሠሩ እናያለን። የቴቁሐ ታላላቆች ግን አንገታቸውን ለሥራው ዝቅ እንዳላደረጉ በዚያው ተጽፎ ቀርቷል። ስንፍና ታሪክ አይኖረውም ብለን አንሳሳት።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። መንግሥት በ2009 ዓ.ም. 10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ አቋቁሞ ነበር። «ተዘዋዋሪ» የተባለው ተበዳሪው ሲመልስ ለሚቀጥለው ወጣት እንዲደርስ ነው። እንዲህ ያለ ብድር ሲመጣ በመካከላችን ምን እንደሚባል እናውቃለን፦ «የመንግሥት ገንዘብ ነው፤ ማን ይጠይቅሃል?» ይህ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ከሚለው የባለሥልጣን ተረት በምን ይለያል? የተበደረውን ሳይመልስ የቀረ ክርስቲያን የሰረቀው ከሚኒስትር አይደለም፤ ተራውን ከሚጠብቅ ከጎረቤቱ ልጅ ነው። ሙስናን በጸሎታችን እየገሠጽን በብድር ደብተራችን ብንለማመደው ማን ይሰማናል? በዚህ አካባቢ ወንጌላውያን ጥቂቶች ነን። ጎረቤቶቻችን ስብከታችንን ላይሰሙ ይችላሉ፤ አበዳደራችንንና አመላለሳችንን ግን ያያሉ።

«ካፒታል የለን፣ መሬት የለን፣ በምን እንጀምር?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ ግማሽ መልሱ ግን ከእኛው ባህል ውስጥ አለ። አባቶቻችን ማሳቸውን የሚያርሱት በወንፈልና በደቦ ነው፤ ቀብራቸውን የሚያነሡት በዕድር ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ጥር 23 ሲያከብር ፈረሰኛው የራሱን ፈረስ ይዞ ይመጣል። ማኅበር ማለት ይህ ነው፦ ሁሉም የራሱን ይዞ ይመጣል፣ ከዚያ አብረው ይጋልባሉ። በየኅብረታችን ቀርከሃ መሥራት የሚችል፣ ስልክ የሚጠግን፣ ሂሳብ የሚያስጠና አለ። በወር የተወሰነ ብር እየቆጠቡ ለአንዱ አባል መነሻ መስጠት የማንንም ፈቃድ አይጠብቅም። ዲግሪ ያለው ሰው ድንች ቢነግድ ዲግሪው አይረክስም። ጳውሎስ ድንኳን ሰፍቷል፤ ሐዋርያነቱ አልጎደለም።

አንድ ነገር እንጨምር። 1ኛ ጢሞቴዎስ 5 ላይ ጳውሎስ ዘመድ ያላቸውን መበለቶች ዘመዶቻቸው እንዲረዱ ያዛል። ምክንያቱንም ይናገራል፦ ቤተ ክርስቲያን ማንም የሌላቸውን እንድትረዳ ነው። በራሳችን እግር መቆማችን ለኩራት አይደለም። እኛ የማይገባንን ሸክም ስንጥል፣ ደክማ መነሣት ያቃታት እናት የሚሸከማት ታጣለች። መሥራት የሚችል ወጣት የተቀመጠበት ወንበር የአንዲት መበለት ወንበር ሊሆን ይችላል።

በሚቀጥለው የኅብረት ቀን የጸሎት ርእስ ስትሰበስቡ ወረቀቱን ለሦስት ክፈሉት። በአንዱ ዓምድ እያንዳንዳችሁ ልትሠሩት የምትችሉትን፣ በሁለተኛው አብራችሁ የምትሸከሙትን፣ በሦስተኛው ከመንግሥት የምትጠይቁትን ጻፉ። ሦስተኛውን በድፍረት ጠይቁ፤ ስለ ሁሉም ጸልዩ። የመጀመሪያውን ግን ሰኞ ጠዋት ጀምሩት።