ሽጉጥ አለ፣ ሜዳው የለም

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፓሪስ ኦሎምፒክ አንድ የ51 ዓመት ቱርካዊ ግራ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ የዘወትር መነጽሩን አድርጎ፣ ታክሲ እንደሚጠብቅ ሰው ዘና ብሎ ቆሞ ሲተኩስ ዓለም አየው። ዩሱፍ ዲኬች ይባላል። ከሼቫል ኢላይዳ ታርሃን ጋር ሆኖ በ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ድብልቅ ቡድን ለአገሩ የብር ሜዳሊያ አመጣ። ፎቶው እኛም ቴሌግራም ላይ ሲዞር ሰነበተ፤ ሳቅን፣ ቀለድን፣ ስቲከር ሠራን። ከቀልዱ በኋላ ግን ብዙ ወጣቶች የሚጠይቁት አንድ ቁም ነገር አለ፦ እኛ አገር ይሄን ስፖርት መጀመር የፈለገ ሰው የት ይሄዳል?

ድሬዳዋ ላይ ከሆነ መልሱ አጭር ነው። የትም አይሄድም።

ከሳቢያን እስከ ገንደ ቆሬ፣ ከከዚራ እስከ መጋላ ብትዞሩ ኳስ ሜዳ ታገኛላችሁ፣ ጂም ታገኛላችሁ፣ ቴኳንዶ የሚያሠለጥን ታገኛላችሁ። ለሲቪል ሰው ክፍት የሆነ የሽጉጥ ተኩስ ክለብ ግን አታገኙም። ሽጉጡስ? እሱ አለ። ፈቃድ ያለው አለ፤ ፈቃድ የሌለውም አለ። ከቱርክ በኮንትሮባንድ የገቡ ሽጉጦች ተያዙ የሚለውን ዜና ስንቴ ሰማን? ከጅቡቲ መስመር ዳር ለተቀመጠች ከተማ ኮንትሮባንድ ምን እንደሆነ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው።

ስለዚህ የዛሬው ሐሳቤ ይሄ ነው፦ እኛ መሣሪያም ተኳሽም አላጣንም። ያጣነው ባለ ሽጉጡን "አቁም፣ አራግፍ፣ ወደ ቤትህ ሂድ" የሚል ዳኛ ያለበት ሜዳ ነው።

ለመሣሪያ ባዳ አይደለንም። የፈረንሳዩን ግራ ውጅግራ፣ የኦስትሪያውን ማንሊከር ምንሽር፣ የእንግሊዙን ስናይደር ስናድር ብለን ከነስማቸው አማርኛ አድርገናቸዋል። ጎረቤታችን ሐረር ላይ የኖረው ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ እንኳ ለምኒልክ ጠመንጃ የሸጠ ነጋዴ ነበር። ጎበዙን ስናወድስም "አልሞ ተኳሽ" እንላለን። ዒላማም ዓላማም "አለመ" ከሚለው አንድ ግንድ የወጡ ናቸው። አባቶቻችን ያከበሩት ሳይባክን የሚተኩሰውን ነበር፤ ጥይት ውድ ስለነበረ ማባከን ነውር ነበር። ዛሬ ሠርግ ላይ ካዝና ሙሉ ወደ ሰማይ የሚያራግፈው ሰው የዚያ ባህል ወራሽ ነኝ ቢል ማን ያምነዋል?

ወደ ስፖርቱ ልምጣ። ዲኬች የተወዳደረበት አንድ ቦታ ቆሞ በአየር ሽጉጥ ወረቀት የመምታት ውድድር ነው። ሌላም ዓይነት አለ፤ ተግባራዊ የሽጉጥ ተኩስ የሚባለው። ዓለም አቀፍ ኮንፌዴሬሽኑ የተመሠረተው በ1976 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሚዙሪ፣ ኮሎምቢያ ከተማ ነው። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የቀድሞው የባሕር ኃይል ወታደር መኮንን ጄፍ ኩፐር ነበር። መፈክራቸው ሦስት የላቲን ቃላት ናቸው፤ ትርጉማቸው በቅደም ተከተል ጥንቃቄ፣ ኃይል፣ ፍጥነት ነው። ተወዳዳሪው በግድግዳ ጥግ፣ በበር በኩል፣ በመስኮት ቀዳዳ እየተንቀሳቀሰ ካርቶንና ብረት ዒላማዎችን ይመታል። ካርቶኑ ስምንት ማዕዘን ያለው፣ ራስ የሌለው ነው፤ ሆን ተብሎ የሰው መልክ እንዳይኖረው የተደረገ።

ታዲያ ጀማሪ ምን ይማራል? "ተኩስ" ካላችሁ ተሳስታችኋል። መጀመሪያ የሚማረው አራት ሕጎችን ነው። አንደኛ፣ ማንኛውም መሣሪያ ጥይት እንደጎረሰ ይቆጠራል፤ "ባዶ ነው" የሚባል ነገር የለም። ሁለተኛ፣ አፈሙዙ ልታጠፋው ወደማትፈልገው ነገር አይዞርም። ሦስተኛ፣ ማነጣጠሪያው ዒላማው ላይ እስኪያርፍ ድረስ ጣት ምላጩን አይነካም። አራተኛ፣ የምትመታውን ብቻ ሳይሆን ከጀርባው ያለውንም እወቅ።

ከዚያ ልምምዱ ያለ ጥይት ይጀመራል። ጥይት በሌለበት ክፍል፣ ባዶነቱ ደጋግሞ በተረጋገጠ ሽጉጥ፣ ከማኅደሩ ቀስ ብሎ ማውጣት፣ ማነጣጠር፣ ምላጩን ሳያንቀጠቅጡ መሳብ። የቆየ ዘዴ አለ፦ ሽጉጡ ጫፍ ላይ ሳንቲም ይቀመጣል፤ ምላጩ ሲሳብ ሳንቲሙ ከወደቀ እጅህ ገና አልበሰለም ማለት ነው። ይሄን በመቶ የሚቆጠር ጊዜ ይደጋግሙታል። ፍጥነት የሚመጣው በኋላ ነው። የጆሮ መከላከያ፣ የዓይን መነጽር፣ ምላጩን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ማኅደር፣ ጠንካራ ቀበቶ፤ ጀማሪ ከዚህ የዘለለ ዕቃ አያስፈልገውም።

ሜዳ ላይ ደግሞ ሽጉጥ ሁሉ ባዶውን ማኅደሩ ውስጥ ይቀመጣል። ዳኛው "አጉርስና ተዘጋጅ" ሳይል ማንም አያጎርስም። ተወዳዳሪው ሲጨርስ አራግፎ ባዶውን ለዳኛው ያሳያል፤ ዳኛው በዓይኑ ካላየ ሜዳው ተከፍቷል አይባልም።

ነጥቡ የሚሰላበት መንገድ ራሱ ትምህርት ነው። የተገኘው ነጥብ ለፈጀው ሰከንድ ይካፈላል። ምሳሌ ልስጣችሁ። ስድስት ዒላማ አለ፣ እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ጥይት ይፈልጋል። መሐል የመታ 5 ነጥብ ያገኛል። አንዱ ተወዳዳሪ ረጋ ብሎ 12ቱንም መሐል መታ፤ 60 ነጥብ በ12 ሰከንድ፣ ውጤቱ 5 ነው። ሌላው ቸኩሎ በ8 ሰከንድ ጨረሰ፤ 7 መሐል፣ 3 ደግሞ ከመሐል ወጣ ብሎ በ3 በ3 ነጥብ መታ፣ 2 ሳተ። ለእያንዳንዱ የሳተው 10 ነጥብ ይቀነስበታል። ከ44 ላይ 20 ሲነሳ 24፤ ለ8 ሲካፈል ውጤቱ 3 ነው። ሩጫውን አሸንፎ ውድድሩን ተሸነፈ።

ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። ከዒላማዎቹ መሐል "አይመታም" ተብሎ በቀለም የተለየ ካርቶን ይቆማል። በቦታው የተገኘ ምንም ያላጠፋ ሰው ምሳሌ ነው። እሱን የመታ 10 ነጥብ ይቀነስበታል። አስቡት፤ ንጹሕን መምታት ዋጋ የሚያስከፍልበት የተኩስ ትምህርት።

የመጨረሻው ሕግ ደግሞ ልብ ያቆማል። ሽጉጥ ከእጅህ ከወደቀ፣ አፈሙዝህ ከተፈቀደው አቅጣጫ ካለፈ፣ ወይም ሳታስበው አንዲት ጥይት ካመለጠችህ ከውድድሩ ሙሉ በሙሉ ትወጣለህ። ማስጠንቀቂያ የለም፣ ሁለተኛ ዕድል የለም። ሻምፒዮን ብትሆን፣ የጦር መኮንን ብትሆን፣ የዳኛው ወንድም ብትሆን ለውጥ የለውም። አራግፈህ፣ ሽጉጡን አስገብተህ፣ የሌሎቹን ተመልካች ትሆናለህ።

አሁን ወደ እኛ ሠርግ እንሂድ። ሙሽራው ገብቷል፣ ከበሮው ደምቋል፣ አንዱ ከወገቡ ሽጉጥ መዝዞ ወደ ሰማይ ያንጣጣል። ሜዳ ላይ ቢሆን ከአንደኛዋ ጥይት በኋላ የሚባረር ሰው፣ እዚህ ይጨበጨብለታል፣ እልል ይባልለታል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከአፈሙዝ የወጣስ? የተለመደው 9 ሚሊ ሜትር የሽጉጥ ጥይት በሰከንድ 350 ሜትር ያህል ይወነጨፋል፤ አግድም ያዘነበለ እንደሆነ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ከዚራ የተተኮሰ ደቻቱን ተሻግሮ መጋላ ጣራ ላይ ለመውደቅ ምንም አያግደውም። በሙቀታችን ምክንያት ግቢው ውስጥ አልጋ አውጥቶ የሚተኛ ሕዝብ ባለበት ከተማ ይሄ ቀልድ አይደለም።

ፈቃድ ያላቸውም ቢሆኑ ከዚህ አያመልጡም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለን፤ ፈቃድ፣ ምዝገባና ቁጥጥር ሕግ ተበጅቶላቸዋል። መልካም ነው። ነገር ግን ፈቃዱን ያገኘ ነጋዴ ወይም የንብረት ጠባቂ እጁን የሚያፍታታበት፣ ስህተቱን የሚያርምለት ሰው የሚያገኝበት ቦታ ከተማዋ ውስጥ የለም። መኪና የሚነዳ ሰው ፈቃዱን ከማግኘቱ በፊት ሜዳ ላይ ያሳየናል፤ ወደ ኋላ ያቆማል፣ ኮረብታ ላይ ይነሳል። ሽጉጥ የያዘው ግን የመጀመሪያ ጥይቱን የሚተኩሰው ወይ ሠርግ ላይ ነው፣ ወይ ሌባ መጣ ብሎ በደነገጠበት ሌሊት። በደነገጠ እጅ፣ በጨለማ፣ ልጆች በሚተኙበት ቤት ውስጥ። ከዚህ የከፋ መማሪያ ሰዓት አለ?

ተቃውሞው ይታየኛል። "አቦ፣ አገሩ በጥይት እየታመሰ አንተ ስለ ተኩስ ስፖርት ታወራለህ?" ትሉኛላችሁ። ጥያቄው ትክክል ነው፤ በቀላሉ ላልፈው አልፈልግም። ባለፉት ዓመታት በጦርነት ስንት ቤት እንደተዘጋ ሁላችንም እናውቃለን። ምርጫው መሣሪያ ባለበትና በሌለበት አገር መካከል ቢሆን ኖሮ እኔም ከእናንተ ጋር የሌለበትን እመርጥ ነበር። የቀረበልን ምርጫ ግን ያ አይደለም። መሣሪያው ቤታችን ገብቷል። የቀረን ጥያቄ የያዘው ሰው ሥርዓት ያውቃል ወይስ አያውቅም የሚለው ነው።

"ተኩስ ማስተማር ገዳይ ማፍራት ነው" የሚልም አለ። ስለ ቴኳንዶና ቦክስም በአንድ ወቅት "ልጆቻችንን ተደባዳቢ ያደርጋሉ" ይባል ነበር። ዛሬ ግን ልጁ ከመንገድ ጠብ እንዲርቅ ብሎ ቴኳንዶ የሚያስመዘግብ ወላጅ ሞልቷል፤ በቶኪዮ ኦሎምፒክም በቴኳንዶ ተወክለናል። ሩቅ ሳንሄድ ጎረቤታችን ኬንያ፣ ኪያምቡ ኪሪጊቲ ላይ የመሣሪያ ባለቤቶች ማኅበር የራሱ መተኮሻ ሜዳ አለው፤ ባለፈቃዶች በዳኛ ፊት ይለማመዳሉ፣ ይወዳደራሉ። ደቡብ አፍሪካ በ2002 እ.ኤ.አ. የዓለም የሽጉጥ ሻምፒዮናን አስተናግዳለች። እነሱም የወንጀል ችግር ያለባቸው አገሮች ናቸው። ሜዳው ወንጀሉን አላጠፋላቸውም፤ ቢያንስ ግን ባለፈቃዱ ሰው የሚማርበት ቦታ አለው።

የገንዘቡ ጉዳይ ከሁሉ የጠነከረው ተቃውሞ ነው። ተግባራዊ ተኩስ ጥይት በላተኛ ነው፤ አንድ ብርቱ ተወዳዳሪ በወር በመቶዎች ይተኩሳል። በእኛ የጥይት ዋጋና ቁጥጥር ይሄ ለጊዜው የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ከመጨረሻው አንጀምር። የአየር ሽጉጥ 4.5 ሚሊ ሜትር የሆነች ትንሽ እርሳስ በአየር ግፊት የሚወረውር ነው፤ 10 ሜትር ርዝመት ያለው አዳራሽና ጠንካራ የኋላ መከላከያ ይበቃዋል። የኦሎምፒክ ስፖርትም ነው። ኢትዮጵያ እስከ ዛሬ በኦሎምፒክ ያገኘቻቸው ሜዳሊያዎች በሙሉ ከአትሌቲክስ የመጡ ናቸው። ሌላ በር ማንኳኳት ነውር የለውም። ዲኬችም ከጀንዳርማ አባልነት ነው ወደዚህ ስፖርት የመጣው፤ ከፖሊሶቻችን መካከል ተመሳሳይ እጅ ያለው የለም ብሎ የሚወራረድ አለ?

ለድሬ የማቀርበው ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ የከተማው ስፖርት ዘርፍና ፖሊስ ተነጋግረው በፖሊስ ቁጥጥር ሥር ያለ አንድ የአየር ሽጉጥ አዳራሽ ይክፈቱ። መሣሪያው እዚያው ተቆልፎ ይደር፣ ማንም ወደ ቤቱ አይውሰደው። ሴቶችም ወንዶችም እኩል ይመዝገቡ፤ ታርሃን ከዲኬች ጎን ቆማ ነው ሜዳሊያውን ያመጣችው።

ሁለተኛ፣ ሽጉጥ የያዘ ሁሉ ፈቃዱን ሲያድስ ከላይ የጻፍኳቸውን አራት ሕጎች በተግባር ያሳይ። በባዶ ሽጉጥ፣ በአሠልጣኝ ፊት፣ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ማሳየት ያልቻለ እስኪችል ይማር።

ሦስተኛው የመንግሥት አይደለም፤ የእኛ ነው። የሠርግ ጥሪ ካርድ ላይ "ሕፃናትን ይዞ መምጣት ክልክል ነው" ብለን መጻፍ እናውቅበታለን። "ተኩስ ክልክል ነው" ብሎ መጨመር ምን ያስከፍላል? ሽማግሌው፣ አባ ገዳው፣ ኡጋዙ፣ ቄሱ፣ ሼኩ ይሄን አንድ ቃል ቢሉ ይሰማሉ። የመጀመሪያዋ ጥይት ስትጮህ እልልታው ቆሞ ከበሮው ዝም ቢል፣ የሁለተኛዋን ምላጭ የሚስብ አይኖርም።

ሜዳው እስኪሠራ ድረስ ዳኝነቱን እኛ እንያዘው። ዘንድሮ የሠርግ ወቅት ሲመጣ ከአጠገባችሁ ሽጉጥ የሚመዝ ካያችሁ ስልካችሁን አውጥታችሁ ቪዲዮ አትቅረጹለት። እጁን ያዙት።