ካርቶኑ ከአልጋ ሥር



ዛሬ በራሴ ጥፋት ልጀምር። እዚህ ደብረ ማርቆስ አንድ ግንበኛ ጎረቤት አለኝ። ቀን ድንጋይ ሲጠርብ ይውላል፤ ማታ በልጆቹ አሮጌ ደብተር ላይ ይጽፋል። አምና ዕቁቡ ሲደርሰው ለቤቱ ቆርቆሮ ሊገዛበት የነበረውን ገንዘብ ለማተሚያ ቤት ከፍሎ የመጀመሪያ ልብ ወለዱን አሳተመ። ይዞልኝ ሲመጣ እልል ብዬ ተቀበልኩት። «በል ፈርመህ ስጠኝ!» አልኩት። ፈርሞ ሰጠኝ። ዋጋውን እንኳ አልጠየቅሁም።

አንብቤ ወደድኩት። ለእህቴ አዋስኩ፤ እሷም ለጓደኛዋ። መጽሐፉ ደጀን ድረስ ሄዶ በ11 ሰው እጅ ዞረ። «አስተዋወቅሁላችሁ» እያልኩ ስኩራራ፣ አንድ ቀን ባለቤቱ ቡና ላይ፣ «እትዬ፣ ያገኘነው ሰው ሁሉ አነበብኩት ይለናል፤ ካርቶኑ ግን ከአልጋው ሥር አልጎደለም» አለችኝ። የያዝኩትን ስኒ ረከቦቱ ላይ መለስኩ። ሁለተኛው መጽሐፍ ተጽፎ አልቋል፤ ማሳተሚያ ግን የለም። ቆርቆሮውም አልተገዛም።

ጎጃም ያፈራቻቸውን ሁለት ደራስያን አስቡ። የጎዛምኑ ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙ በመንግሥት ሥራ ላይ የነበሩ ዲፕሎማት ናቸው፤ ሌላ እንጀራ ነበራቸው። የአቸፈሩ አቤ ጉበኛ ግን በብዕራቸው ለመኖር የቆረጡ ሰው ነበሩ። በ1955 ዓ.ም. የወጣው «አልወለድም» ሲታገድ የተነካው ሐሳባቸው ብቻ አልነበረም፤ መሶባቸውም ነበር። በብዕሩ ለሚኖር ሰው ያልተሸጠ መጽሐፍ ያልተበላ እራት ነው።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ እንግዛ። ዘመድም ጎረቤትም ብንሆን ስጦታ አንጠይቅ። ደራሲው ማተሚያ ቤቱን የከፈለው ከኪሱ ነው። መጻሕፍት ቤቱም ከዋጋው የራሱን ድርሻ ይወስዳል፤ ብዙ ጊዜ የሚከፍለውም ከተሸጠ በኋላ ነው። ከደራሲው እጅ ከገዛን ያ ድርሻ ለእሱ ይቀራል።

ሁለተኛ፣ ማዋስ ነውር አይደለም። ስናውስ ግን «ከወደድከው ለራስህ ግዛ» እንበል። ለምርቃት፣ ለልደት፣ ለእንቁጣጣሽ መጽሐፍ እንስጥ።

ሦስተኛ፣ ልጆቻችን መጽሐፍ በስልክ እያነሱ በቴሌግራም ሲለቁ ዝም አንበል። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑ ሁሉ፣ ካረፈም በኋላ ለ50 ዓመት ለወራሾቹ የተጠበቀ ነው። ልጁ ግን አዋጅ አያውቅም። «ይህ የግንበኛው ልጆች ቆርቆሮ ነው» ብትሉት ይገባዋል።

አራተኛ፣ ማታ ማታ ድምፃችንን ከፍ አድርገን እናንብብ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ማንበብ ለማይችለው ሰው ጆሮ ያደረሰው የወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ ነው። የአያት ድምፅም ለአንድ ቤት ይበቃል።

አምስተኛ፣ በወላጆች ስብሰባ ላይ «ለቤተ መጻሕፍቱ ሁለት ቅጂ ይገዛ፤ ደራሲውም መጥቶ ልጆቹን ያነጋግር» ብለን እንጠይቅ። እጁ በሲሚንቶ የሻከረ ሰው መጽሐፍ ሲጽፍ ያየ ልጅ፣ መጻፍ ለሌላ ሰው የተሰጠ ነው ብሎ አያድግም።

እኛ የቅኔ አገር ሰዎች ነን። ዋሸራና ዲማ ሊቃውንት ያፈሩት በመምህራን ብቻ አይደለም፤ የቆሎ ተማሪው ደጃፍ ላይ ቆሞ ሲለምን ከመሶባቸው ቁራሽ በሰጡ እናቶችም ጭምር ነው። የዛሬው ደራሲ ግን ቁራሽ አልለመነም። የጠየቀን የሠራበትን ዋጋ ነው።

እኔ በመጀመሪያ የራሴን ዋጋ ከፈልኩ። አልቀበልም ብሎ ቢያስቸግርም በባለቤቱ እጅ አስቀመጥኩ። ከዚያ በእህቴ በኩል 11ዱንም አፈላልጌ ደወልኩ፤ 7ቱ ገዙ። ሰባት መጽሐፍ ቤት አይከድንም፤ አውቃለሁ። ስለዚህ የማኅበራችን ሴቶች ለሁለተኛው መጽሐፍ ዋጋውን ከመታተሙ በፊት እንድንከፍል ተስማምተናል።

እናንተስ ሰፈር፣ ካርቶኑ ከአልጋው ሥር የቀረበት ማን አለ?

ቸር እንሰንብት።